ማዳም ፓተንትና የቅዳሜ ማለዳው አዋጅ

ፍሬማ ኒያርኮ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ ሴት ናት። የምትሠራው በጋናዋ ኩማሲ መሃል ከተማ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ የሚጠብቃት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ገና ምድር ላይ ከሱቅ ሴቶቹ ጋር ስትቀላለድ መምጣቷን በሰማ ነበር። ግን ማንም አይጠብቃትም። በሩን ትከፍታለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ "እንዴት አደራችሁ?" ትላለች። ሰላም የምትለው ወረቀቶቹን ነው።

ወረቀቶቹ ፓተንቶች ናቸው። አንድ ሰው ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ሲሠራ ለመንግሥት ያስመዘግባል። መንግሥትም እንዲህ ይለዋል፦ ይህን ነገር ለተወሰኑ ዓመታት ካንተ ፈቃድ ውጭ ማንም እንዳይሠራው እከለክልልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ በምትኩ እንዴት እንደሠራኸው ሳትደብቅ ለሁሉም ታሳያለህ። ከዚያ ሥዕሉና ማብራሪያው በመንግሥት የፓተንት ጽሕፈት ቤት ጋዜጣ ይወጣል፤ የፈለገ ሁሉ ያየዋል። በፍሬማ መደርደሪያዎች ላይ የአገሩም የባሕር ማዶውም ተደርድሯል። ዓሣ ማድረቂያ አለ። በነፋስ የሚዞር ውኃ መሳቢያ አለ። አንድ ሩቅ አገር ያለ ሰው የልጁ ጡጦ መሬት እየወደቀ ቢያስቸግረው የሠራው ማንጠልጠያም አለ። ፍሬማ ስንት ዓመት አይታው እንኳ መደነቋ አልወጣላትም። "ሰው እኮ!" ትላለች ለብቻዋ፣ "ሰው እኮ አርፎ አይቀመጥም!"

ፓተንት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየችው በለውዝ መጠቅለያ ላይ ነው። እናቷ መናኸሪያ ውስጥ የተቆላ ለውዝ ይሸጡ ነበር፤ መጠቅለያውን የሚያመጡት ከየመሥሪያ ቤቱ ከሚጣል ወረቀት ነው። ልጅቷ አንዱን ወረቀት ልትጠቀልል ስታነሳ የወፍጮ ይሁን የሞተር ያልለየለት ሥዕል አየች። ከእያንዳንዱ ብረት ቀጭን መስመር ወጥቶ ከጫፉ ቁጥር ተጽፏል። ነገሩ ደረቱ ተከፍቶ ልቡ ሲመታ የሚታይ መሰላት። ለውዙን በሌላ ወረቀት ጠቅልላ ሸጠች፤ ያንን ደበቀችው። ወረቀቱ ከመሃል የተቀደደ ስለነበር የማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አታውቅም። ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠች ሲጠይቋት "ቀሪውን ግማሽ ፍለጋ" ብላ ትስቃለች።

ፍሬማ የምትጠብቀው የማንበቢያ ክፍል ሁለት ደንበኞች ነበሩት። አንዱ ለፈተና አጠናለሁ የሚል ተማሪ ነው፤ የሚመጣው ለአየር ማራገቢያው ስለሆነ አንድ ገጽ ሳይገልጥ ይተኛል። ሁለተኛው አለቃ አሲበይ ናቸው።

አለቃ አሲበይ ማጋዚን ውስጥ የብየዳ ቤት አላቸው። ማጋዚን ከከተማው ዳር ያለው የጋራዥ ሰፈር ነው። ያለቀለት መኪና እየተጎተተ ይገባል፤ ይፈታል፣ ይቆረጣል፣ ከሌላው ጋር ይዳቀላል፣ ከዚያ ጥሩምባውን እየነፋ ይወጣል። አለቃ ወደ ፍሬማ ክፍል መጀመሪያ የመጡት የመስኮቱን ብረት ሊበይዱ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋ ሥዕል አዩና ጎንበስ አሉ። እንደ ጎነበሱ ቀሩ።

"ይህን ማን ሣለው?"

"የሠራው ሰውዬ።"

"ሁሉንም? ምንም ሳይደብቅ?"

"ምንም ሳይደብቅ።"

"ሰውዬው ጤነኛ ነው?"

መስኮቱ ሳይበየድ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አለቃ ረቡዕ ረቡዕ እጃቸውን በሳሙና ፈትገው ይመጡ ጀመር።

የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ ዱፊ የዘንባባ አስኳል ዘይት ይሸጣሉ። የዘንባባው ፍሬ ሥጋው ለወጥ ከሄደ በኋላ ድንጋይ የመሰለ ፍሬ ይቀራል፤ አስኳሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በድንጋይ ይመቱታል፤ ግማሹ ምት የሚያርፈው ጣት ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ማሽን ደግሞ ቅርፊቱንም አስኳሉንም አብሮ ያደቀዋል። አለቃ ከመደርደሪያው የፈረንጅ አገር ፍሬ መስበሪያ አገኙ። ፈልሳፊው ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ የተከለከለበትም ጊዜ ካለቀ ቆይቷል፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። በሥዕሉ ላይ የብረት ክንፍ ፍሬውን እየመታ ወደ ብረት ግድግዳ ይወነጭፈዋል። አለቃ ሥዕሉን ስንት ረቡዕ ሲያዩት ከርመው አንድ ቀን ራሳቸውን አከኩና "ግድግዳው ቢለሰልስስ?" አሉ።

ሄደው የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆረጡ፤ የበርሜሉን ውስጥ አለበሱት። ክንፉ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፤ አስኳሉ ላስቲኩ ላይ እንደ ፍራሽ ያርፍና ሙሉውን ይወርዳል። ይህን ለማግኘት ብዙ በርሜልና ብዙ ስድብ አልፏል። ስድቡ ከጎረቤታቸው ከራዲያተር ሠሪው ከባፉር ነው። "ጎማ ራስ! ዛሬስ ምን አለበስከው? ካልሲ አታደርግለትም?" ይላል በአጥሩ ላይ። አለቃ አይመልሱም። ማመልከቻቸው በፍሬማ እጅ ተጽፎ ገባ፤ ሳይገለጥ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠ፤ ተመረመረ። እነሆ በዚህ ወር ጋዜጣ ላይ ከነሥዕሉ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ከአክራ ስልክ ተደወለ። የዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሚስተር ዳርኮ ናቸው።

"ወይዘሮ ፍሬማ፣ ወረቀቱ ሁሉ እኮ ኮምፒውተር ላይ አለ። ክፍሉን የምንከራየው ለማን ነው?"

"ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ማን ነገራቸው ጌታዬ?"

"ጋዜጣችን ይነግራቸዋል።"

"ጋዜጣችን መኖሩንስ ማን ነገራቸው?"

ሚስተር ዳርኮ ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጥሩ ሰው ወረቀት ሲያገላብጥ ደግሞ ያስፈራል። "ሰኞ እመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አንባቢ ካለ አያለሁ። ከሌለ ወረቀቱን ጭነን ክፍሉን እንዘጋለን።"

ፍሬማ ስልኩን አስቀምጣ መደርደሪያዎቹን አየች። ያ ሁሉ የሰው ልጅ ሐሳብ በካርቶን ታሽጎ አክራ ምድር ቤት ሲገባ ታያት። የተኛው ተማሪ አንኮራፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አልመጣላትም። ጋዜጣውን በብብቷ ይዛ ወደ ማጋዚን ወረደች።

አለቃ አሲበይ ስማቸውን ታትሞ ሲያዩ ጣታቸውን ሊያሳርፉበት ዘረጉና ቅባቱን አይተው መለሱት። በክርናቸው ነኩት።

"ይኼ ስሜ ነው?"

"ስምዎ ነው አለቃ። ይኼ በርሜልዎ፣ ይኼ ክንፉ፣ ይኼ ጎማዎ።"

"ማን ያየዋል?"

"ማንም የፈለገ።"

"ማን ይፈልጋል?" አሉ አለቃ። በቅንነት ነው የጠየቁት። ፍሬማ የሰኞውን ነገር ነገረቻቸው። አለቃ ሰምተው "ታዲያ እኔ ረቡዕ የት ልሂድ?" አሉ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ሆነ።

በዚያች ሰዓት ከራሳቸው በላይ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ማጋዚን ውስጥ አንዲት የእንጨት ዳስ አለች፤ ከጣሪያዋ ረጅም ምሰሶ ወጥቶ በየአቅጣጫው ጡሩምባ ዘርግቷል። የሰፈሩ የማስታወቂያ ቤት ናት። ከውስጧ ፒፒም የሚባል ጎረምሳ ነጭ ጆሮ ያላት ፍየል መጥፋቷን እየተናገረ ነው። የብየዳው እሳት ቆመ፤ መዶሻው ቆመ፤ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ፍየሏ ሰማ። አንዱ ከሩቅ "ከሽንት ቤቱ ኋላ አየኋት!" ብሎ ጮኸ።

ፍሬማና አለቃ ተያዩ።

ፒፒም ዳሱ ውስጥ ኬንኬይ የሚሉትን የበቆሎ ቅቅል በበርበሬ እየበላ ተቀበላቸው። "አክስቴ፣ ፍየል ጠፋ እላለሁ፣ ሰው ሞተ እላለሁ፣ የወገብ መድኃኒት መጣ እላለሁ። ፓተንት ግን ብዬ አላውቅም።"

"እንደሌላው አድርገህ በለው።"

"እንደሌላው?"

"አዎ። ሰው በደንብ የሚሰማህ መቼ ነው?"

"ጎህ ሲቀድ ነዋ። ያኔ ማጋዚን ሁሉ ጆሮ ነው።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ። ከዚያ ረፋዱ ላይ ሰው አለቃ ቤት መጥቶ ማሽኑን በዓይኑ ይይ።"

ፍሬማ ንባቡን አጠር አድርጋ ጻፈችለት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም ባልሆነ። አለቃ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ስሜ ከተጠራ የእናቴ ወገን ይጠራ። አጎቴ ስሜ በአዋጅ መነገሩን ሰምተው የእሳቸው ከሌለበት ዕድሜ ልካቸውን አያናግሩኝም።" ስለዚህ አጎትየው ገቡ። ከዚያ የአጎትየው ወንድም ገቡ። እህቶች ገቡ፤ አማቾች ገቡ፤ ልጆች በየስማቸው ገቡ። ፒፒም በደስታ ጻፈ፤ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያውቅበታል። ፍሬማ ቤቷ ከማጋዚን ሩቅ ነው፤ የሰፈሩን ድምፅ ማጉያ ጎህ ሲቀድ ሰምታ አታውቅም፤ አመስግናው ሄደች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ፒፒም እንደ ልማዱ መጀመሪያ በድምፅ ማጉያው የቀርከሃ ዋሽንት አስነፋ። ያ ዋሽንት ቀጭንና እርጥብ ነው፤ በጉም ውስጥ ሲሄድ ቅጠል ሁሉ አንገቱን የሚደፋ ይመስላል። ቀጥሎ ድምፁን አወፍሮ "የማምፖንጉ ክዋሜ አሲበይ ዱዋ፣ በተለምዶ አለቃ አሲበይ" አለ። ቀጥሎ አጎቱ፣ የአጎቱ ወንድም፣ እህቶቹ፣ አማቾቹ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ። ቀጥሎ ስለ ፓተንት፣ ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ዘንባባ አስኳል። በመጨረሻ "ረፋዱ ላይ በሥራ ቤታቸው እንገናኝ" ብሎ ዋሽንቱን እንደገና አስነፋ። አንድም ቃል አልሳተም።

ቅዳሜ ነበር፤ በኩማሲ ቅዳሜ የለቅሶ ጥቁርና ቀይ ልብሱን ያልተኮሰ ማን አለ?

ፍሬማ ረፋዱ ላይ አዲስ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ማጋዚን ስትደርስ ሙሾ ሰማች። መታጠፊያው ላይ ቆመች። ከአለቃ ሥራ ቤት ፊት ድንኳን ተተክሏል። የፕላስቲክ ወንበር እስከ መንገዱ ተደርድሯል። ሴቶች ወገባቸውን በቀይ መቀነት አስረው እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገዋል። ወንዶቹ ጥቁር ኩታ በትከሻቸው ጥለዋል፤ ለስላሳ መጠጥ በሳጥን ይገባል። *ሞቱ! ስማቸውን ታትሞ አይተው ሞቱ!* እንባዋን እየጠረገች በሰው መሃል ስትገፋ፣ በሸራ ከተሸፈነው ማሽን ኋላ እጅ ወጣና ክርኗን ይዞ ሳባት።

አለቃ አሲበይ ናቸው፤ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል።

"አለቃ! በሕይወት አሉ?"

"ዝም በይ!" አሉ በሹክሹክታ። "ባፉር ገና መጀመሩ ነው።"

ባፉር ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር። የፊቱ ቅባት በእንባ ተቦርቡሯል። "ጎማ ራስ ስለው ኖርኩ!" ይላል። "ጎማ ራስ! አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። የኔ ራዲያተር ሲያፈስ በምሳ ሰዓቱ የሚበይድልኝ ማን ነበር? ሌሊት ሚስቴን ምጥ ሲይዛት በፒክአፑ የወሰዳት ማን ነበር? ያቺ በርሜሉ... እውነቱን ልናገር... ሳያየኝ በአጥሩ አጮልቄ አይቻታለሁ። ትሠራለች! እንደ ሰዓት ትሠራለች! ቀንቼ ነው እንጂ!"

"ሰማሽ?" አሉ አለቃ። ዓይናቸው ያበራል። "እንደ ሰዓት አለ።"

"አለቃ፣ ሰው እያለቀሰ ነው እኮ፤ ይውጡ!"

"ቆይ ትንሽ፤ ምርጡን እየነገረ ነው።"

የወጡት በራሳቸው ፈቃድ አይደለም። ወይዘሮ ዱፊ ከገበያ መጡ፤ ለእንግዳ የሚሆን የዘንባባ ወጥ በድስት ተሸክመዋል። አንዲት ዘመዳቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። "ወይኔ እህቴ! ወይኔ ብቸኛዋ!"

"ምን ሆንሽ? ድስቱን! ማን ሞተብሽ?"

"ባልሽ ነዋ!"

"የኔ ባል?" አሉ ወይዘሮ ዱፊ። "አሁን ጥዬው የወጣሁት? የሦስት ሰው ቁርስ በልቶ 'ጨምሪልኝ' ያለኝ?"

ያኔ አለቃ ከሸራው ኋላ ብቅ አሉ። አንድ ጎልማሳ ወንበሩን ገልብጦ ሸሸ። አንዲት ሴት የጀመረችውን ሙሾ ማቆም አቅቷት ድምፅዋ ለብቻው ትንሽ ሄዶ ጠፋ። ባፉር ወንበሩ ላይ እንደቆመ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ጎማ ራስ!" አለ በመጨረሻ። "ያልኩትን ሁሉ መልስልኝ!"

"ተሰምቷል" አሉ አለቃ። "ምስክሬ ይኼ ሁሉ ሰው ነው።"

ሳቁ የጀመረው ከአሮጊቶቹ ነው። ከዚያ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በድንኳኑ ሁሉ ወረደ። ከሳቁ መሃል ፒፒም በጆሮው ተጎትቶ መጣ።

"ሞቱ የሚል ቃል ከአፌ ወጣ?" ይላል። "ይኸው ወረቀቱ! ወጣ?"

"የሞት ዋሽንቱን አስነፋህ!" አሉ የሰፈሩ ዘይት ጨማቂ እማማ ቢራጎ፣ በቀይ መቀነታቸው ጫፍ እያስፈራሩት። "ጎህ ሲቀድ ዋሽንት ከተነፋ፣ ስም ከተጠራ፣ ከዚያ አጎት ከተጠራ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል? እኔ እንደሆንኩ ጥቁሬን ፍለጋ ሳጥን ውስጥ ገብቻለሁ!"

"በስልክ ደወልንልህ እኮ፤ አታነሳም!" አለ አንዱ አለቃን።

"ማሽኑን እያስነሳሁ ነበር። በዚያ ድምፅ ስልክ ይሰማል?"

"እንግዲያው አስነሳውና እንስማ" አሉ እማማ ቢራጎ። "ለቅሶ ብለን ቀን አጥፍተናል፤ ባዶ እጃችንን አንመለስም።"

አለቃ ሸራውን ገፈፉ። ሞተሩ ሳለና ተነሳ፤ ቺንጋው ተወጠረ፤ ክንፉ በበርሜሉ ውስጥ መዞር ጀመረ። አለቃ በሁለት እጃቸው ፍሬ ጨመሩ። ከውስጥ ሺህ እግር የሚደንስ ይመስል ተንደቀደቀ። ከዚያ በታችኛው አፍ፣ ቅርፊቱ ወደዚህ፣ አስኳሉ ወደዚያ፣ ሙሉ ሙሉውን፣ እንደ ጥቁር ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ሴቶቹ ከወንበራቸው ተነሡ። እማማ ቢራጎ አንዱን አስኳል አንሥተው በፀሐይ አገላበጡት፤ ከዚያ የራሳቸውን ያበጡ ጣቶች አዩ፤ ከዚያ ለአለቃ እጅ ነሡ።

ፍሬማ አጋጣሚውን አላሳለፈችም። ባፉር በወረደበት ወንበር ላይ ወጣችና ጋዜጣውን ዘረጋች። "ፒፒም ዛሬ ሊነግራችሁ የፈለገው ይኼን ነው። ማሽኑ እንዴት እንደተሠራ እዚህ አለ። ክንፉም፣ ላስቲኩም፣ ፍጥነቱም። ማየት የፈለገ ይይ።"

"ሁሉንም አወጣችሁት?" አለ ባፉር። "ታዲያ ለሱ ምን ቀረለት?"

"ማየትና መማር ለሁሉም ነው። ሠርቶ መሸጥ ግን ጊዜው እስኪያልቅ በእሳቸው ፈቃድ ብቻ። ጊዜው ሲያልቅ የሁላችሁም ነው።"

"ጊዜያቸው ያለቀ ሌሎች አሉ?"

"አሉ እንጂ። አለቃም የተነሡት ከአንዱ ነው።"

"ስንት ናቸው?"

"ቆጥሮ የጨረሳቸው የለም። በየአገሩ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያለው ጥቂቱ ነው፤ የጎደለውን በኮምፒውተር አስመጣላችኋለሁ።"

የብየዳ መነጽር ግንባራቸው ላይ የቀረ ሰዎች፣ ኩታቸው ትከሻቸው ላይ የተንሸራተተ ሰዎች፣ ሩቅ ነገር እንደሚያይ ዓይናቸውን አጠበቡ።

"እኛ እዚህ ቁጭ ብለን" አለ ባፉር ቀስ ብሎ፣ "ነፃ ማሽን እዚያ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሏል?"

"በየወሩ በጋዜጣው ጠርቻችኋለሁ።"

"በወረቀት ነዋ የጠራሽን ማዳም ፓተንት! ሰው በወረቀት ይጠራል?"

ከዚያ ከበቧት። አንዱ ካሳቫ መላጫ ጠየቀ። አንዷ ጭሱ ዓይን የማያነድ የዓሣ ምድጃ ጠየቀች። አንድ መካኒክ ሰው ሳይሰማ በጆሮዋ ስለ ሚስቱ ማንኮራፋት ጠየቃት፤ ፍሬማ "አለ!" ብላ ስትጮህ ምስጢሩ ወጣበት።

በዚህ መሃል ጥቁር የለበሱ ረጅም ሰው ከመኪና ወረዱ። ሚስተር ዳርኮ ናቸው። ለአንድ ዘመዳቸው ለቅሶ ከአክራ መጥተው ኩማሲ አድረዋል፤ የማጋዚን ተወላጁ ሾፌራቸው "ያ የናንተው የፈጠራ ሰው አረፉ" ብሏቸዋል። የጂን አረቄ ጠርሙስና በአራት የታጠፈ ንግግር ይዘዋል። ሰው የከበበውን ቦታ ሲያዩ አስከሬኑ እዚያ ነው ብለው በአክብሮት ቀረቡና ወረቀቱን ዘረጉ።

"የተከበራችሁ ሐዘንተኞች" ብለው ጀመሩ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ። "አገራችን ዛሬ አንድ ብርቅ ልጇን..."

አጠገባቸው የተወቀጠ የካሳቫ ፉፉ በሳህን የያዙ ሰው ቆመው ነበር። "ይቀጥሉ ጌታዬ" አሉ ሰውዬው። "ጥሩ ነው።"

"ይቅርታ፣ እርስዎ የሟቹ ምን ነዎት?"

"ሟቹ ራሴ ነኝ።"

ሚስተር ዳርኮ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ጂኑን ለአለቃ ሰጡ፤ ንግግሩንም ጨምረው ሰጡ፤ አለቃ ሁለቱንም በደስታ ተቀበሉ። ከዚያ ወንበር ተሰጣቸውና ተቀመጡ። ወይዘሮ ዱፊ ፉፉ አቀረቡላቸው። እየበሉ፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት ከጥቁርና ከቀዩ መሃል እንደ አበባ ቆማ፣ ለአንዱ ስትመልስ ሌላው ቀሚሷን ሲጎትታት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

ፍሬማ በመጨረሻ አጠገባቸው መጥታ ቆመች። ላቧን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"ሰኞ ልዘጋው ነበር ያሰብኩት" አሉ።

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

"እዘጋዋለሁም።"

ፍሬማ ጋዜጣውን አጣጠፈች። በዙሪያዋ የነበሩትም ወደ ሚስተር ዳርኮ ዞሩ።

"ሦስት ፎቅ ማን ይወጣል?" አሉ ሚስተር ዳርኮ ጣታቸውን እየላሱ። "እኔ ራሴ ያመኛል። እዚህ ያውርዱት። እዚህ፣ ሰው ባለበት። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ኮምፒውተር። ቦታ ካገኙ ማለት ነው።"

"የኔ ኮንቴይነር ባዶ ናት!" አለ ባፉር።

"ባዶ?" አሉ አለቃ አሲበይ። "በአሮጌ ራዲያተር እስከ ጣሪያዋ ተሞልታ?"

"ሰኞ ባዶ ትሆናለች አልኩ እኮ!"

ያኔ ፍሬማ ሳቀች። ያ ሳቅ ከድንኳኑ ወጥቶ በማጋዚን ጣሪያዎች ላይ ሄደ፤ ከወዲያ ማዶ የሚበይዱ ሰዎች ቀና ብለው አዩ።

ሰኞ ደረጃውን የወጡት ብየዳ ቤት የለመዱ ክንዶች ናቸው። ካርቶኖቹን በትከሻና በራስ አወረዱ፤ በእጅ ጋሪ ጫኑ፤ በገበያው መሃል "ዞር በሉ! የዓለም ዕውቀት እያለፈ ነው!" እያሉ ገፉ። እንቅልፋሙ ተማሪ ማራገቢያውን ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ። ኮንቴይነሯ እውነትም ባዶ ነበረች፤ ራዲያተሮቹ ከባፉር አልጋ ሥር ሳይገቡ አልቀሩም።

የመጀመሪያው አንባቢ ባፉር ራሱ ሆነ። ጊዜው ያለቀ የባሕር ማዶ ራዲያተር አወጣችለትና ሥዕሉ ላይ ተደፋ። እንደ ተደፋ ቀረ። ውጭ ደንበኛ ስሙን ይጠራል፤ አይሰማም። በመጨረሻ ቀና አለ፤ የተናደደ ይመስላል።

"ይኼ ሰውዬ ተሳስቷል" አለ። "ውኃው እዚህ ጋ መታጠፍ አልነበረበትም። እኔ ብሆን በዚህ በኩል አዞረው ነበር፤ ያኔ በሙቀት ቀን አይፈላም።"

ፍሬማ መልስ ከሚጠብቁት ሰዎች ዓይኗን አነሣችና አየችው።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አለች ባዶ ወረቀትና እርሳስ እየገፋችለት። "አዙረዋ!"